ጨዋታና ግጥሚያ፦ ስፖርትና ጦርነት በጆን ኖውልስ «የተናጠል ሰላም» ውስጥ

1. መግቢያ

በአማርኛ «ገጠመ» የሚለው ግስ ሰፊ ቤተሰብ አለው። ጦር ከጦር ይገጥማል፤ ሁለት ቡድኖች ለዋንጫ ሲፋለሙ ግጥሚያ ይባላል፤ ባለቅኔም ስንኝ ከስንኝ አስማምቶ ሲገጥም ሥራው ግጥም ይሆናል። «ጨዋታ» ከዚህ ቤተሰብ ውጭ የሆነ ቃል ነው። ልጆች በሜዳ የሚሯሯጡትም፣ ሽማግሌዎች እሳት ዳር ተቀምጠው የሚያወጉትም ጨዋታ ነው። የስፖርት ዘጋቢዎቻችን ሁለቱን ቃላት እያፈራረቁ ለአንድ ነገር ይጠቀሙባቸዋል። እኔ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድን ልቦለድ በሚገባ ለመረዳት ያግዛል ብዬ አምናለሁ።

ልቦለዱ አሜሪካዊው ጆን ኖውልስ «ኤ ሴፐሬት ፒስ» በሚል ርእስ የጻፈው የበኩር ሥራው ነው። በመጀመሪያ በ1959 ለንደን ውስጥ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱን «የተናጠል ሰላም» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ከጦር ጓዶቹ ተለይቶ ለብቻው ከጠላት ጋር የሚታረቅ ወገን የሚያደርገው ሰላም ማለት ነው።

ልቦለዱን ለተማሪዎች ሳስተምር ለረጅም ጊዜ የያዝኩት አቋም የተለመደው ነበር። ይኸውም የትምህርት ቤቱ ሜዳ የየዋህነት ገነት ነው፤ ጦርነቱ ከውጭ የሚመጣ ክፋት ነው፤ ታሪኩም ከዚያ ገነት የመባረር ታሪክ ነው የሚል ነው። መጽሐፉን ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር ግን ይህ አቋም እየሸሸኝ ሄደ። በልቦለዱ ውስጥ ያሉት ጨዋታዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጦርነቱ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ጨዋታው ከጦርነት ያስጥላልን?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ከጦርነት የተወለደ ነገር እንዴት ሰላም ሊሆን ይችላል?» የሚል ጭምር መሆን አለበት። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለመመርመር እሞክራለሁ።

2. መቼትና ትልም

ታሪኩ የሚፈጸመው በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ «ዴቨን» በተባለ ምናባዊ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ደራሲው በ1945 ትምህርቱን የጨረሰበት ፊሊፕስ ኤክሰተር ለዴቨን አምሳያ ሆኖታል። ጊዜው ከ1942 ክረምት እስከ 1943 ክረምት ነው (ክረምት ስል የእነሱን የበጋ ወራት፣ ማለትም ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ማለቴ ነው)።

የጊዜውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በኅዳር 1942 የአሜሪካ መንግሥት የግዳጅ ምልመላውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ20 ወደ 18 አወረደ። በዚያው ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአካል ብቃትና በልዩ ልዩ ሥልጠና ለጦርነቱ የሚያዘጋጅ «ቪክትሪ ኮር» የተባለ ሀገር አቀፍ ድርጅት ተቋቋመ። የአንድ አሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሰውነት ነገ የሠራዊቱ ንብረት እንደሚሆን ዛሬውኑ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ትርጉም የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋነኞቹ ገፀባሕርያት ሁለት ናቸው። ጂን ፎረስተር ተራኪው ነው፤ በትምህርቱ ጎበዝ፣ በባሕርዩ ጠንቃቃ ነው። ጓደኛውና የመኝታ ክፍል ተጋሪው ፊኒያስ በስፖርት ወደር የለውም። አንድ ምሽት ሁለቱ ከወንዝ ዳር ዛፍ ላይ ሊዘሉ ሲሉ ጂን የቆሙበትን ቅርንጫፍ ያናውጠዋል፤ ፊኒያስ ይወድቅና እግሩ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ስፖርት አይታሰብም። በኋላም የክፍል ጓደኞቻቸው የዚያን ምሽት ምሥጢር ለማውጣት ሌሊት ባካሄዱት የማስመሰል ችሎት ፊኒያስ ተቆጥቶ ሲወጣ ከእብነ በረድ ደረጃ ላይ ዳግመኛ ይወድቃል፤ አጥንቱ ሲጠገን የአጥንቱ መቅኔ በደሙ በኩል ልቡ ውስጥ ገብቶ ይሞታል።

3. ቁጥር የሌለው ጨዋታ

የፊኒያስን የስፖርት እምነት የሚያሳዩ ሁለት ትዕይንቶች አሉ። የመጀመሪያው በመዋኛ ገንዳው ነው። የመቶ ያርድ ክብረ ወሰን ባለቤት ስም በገንዳው ክፍል ተለጥፏል። ፊኒያስ ያየዋል፤ ለዚህ ውድድር ተለማምዶ አያውቅም። ጂን ሰዓት ይዞለት ይዋኛል፤ ክብረ ወሰኑንም በ0.7 ሰከንድ ይሰብረዋል። ከጂን በቀር ያየ ሰው የለም። ጂን በማግስቱ ታዛቢ ባለበት እንዲደግመው ሲለምነው እምቢ ይላል፤ ለማንም እንዳይናገርም ያስጠነቅቀዋል። በግድግዳው ላይ የቀድሞው ስም እንዳለ ይቀራል።

ሁለተኛው «ብሊትዝቦል» የተባለው፣ ፊኒያስ በአንድ ከሰዓት በኋላ የፈለሰፈው ጨዋታ ነው። መሣሪያው ለጡንቻ ማጠንከሪያ የሚያገለግል ከባድ ኳስ ነው። ቡድን የለም። ኳሱን የያዘው ለጊዜው የሁሉም ጠላት ነው፤ ለሌላ ካቀበለ ደግሞ ጠላትነቱ ከኳሱ ጋር ይተላለፋል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። ሌፐር የተባለው ዓይናፋር ተማሪ ኳሱ ሲሰጠው አልቀበልም ይላል። ፊኒያስ አይቆጣም፤ እምቢታውን በልጁ ስም ሰይሞ ከጨዋታው ሕግጋት አንዱ ያደርገዋል። እምቢ ያለውን ሰው ሳያስወጣ እምቢታውን ሕግ አድርጎ የሚያቅፍ ጨዋታ በየትኛውም ውድድር አይገኝም፤ በሠራዊት ውስጥማ ፈጽሞ አይታሰብም። በኋላ ይኸው ሌፐር ለውትድርና ተመዝግቦ አእምሮው ሲታወክ፣ ሠራዊቱ ለእምቢታው የሚሰጠው ስም ሌላ ይሆናል። ደራሲው ሁለቱን እምቢታዎች በአንድ ገፀባሕሪ ላይ ማኖሩ ድንገተኛ አይመስለኝም።

4. በልብ ውስጥ የሚካሄድ ግጥሚያ

ጂን ግን ቆጣሪ ነው። ፊኒያስ በየምሽቱ ከዛፍ ወደሚዘለልበት ማኅበር ሲጠራው፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወስደው፣ «ሆን ብሎ ጥናቴን ሊያበላሽብኝ ነው» ብሎ ያስባል። በአእምሮው የውጤት ሰሌዳ ይሰቅላል፤ በአንድ በኩል የፊኒያስ የስፖርት ሽልማት፣ በሌላው በኩል የራሱ የትምህርት ማዕረግ። እኩል ነን፣ በጥላቻም እኩል ነን ብሎ ይጽናናል። ፊኒያስ ግን ጂን ማጥናት እንደሚያስፈልገው እንኳ አያውቅም ነበር፤ ዕውቀት እንዲሁ የሚመጣለት ይመስለው ነበር። ይህን በሰማ ጊዜ ጂን ተጋጣሚ እንደሌለው ይረዳል። ቅርንጫፉ የሚናወጠው ከዚህ መረዳት በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ጂን እጁን የሚያነሣው ፊኒያስ ጠላቱ ነው ብሎ ባመነበት ሰዓት አይደለም፤ ጠላት እንዳልሆነ ባወቀ ጊዜ ነው። ግጥሚያ ተጋጣሚ ይሻል፤ ተጋጣሚው ሲጠፋ የተጋጠመው ሰው ትንሽነት ብቻውን ራቁቱን ይቀራል። የልቦለዱ የሥነ ልቡና ጥልቀት ከዚህ ቦታ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻዎቹ ገጾች ጂን ጦርነት የሚነሣው በሰው ልብ ውስጥ ካለ አንድ የማያስተውል ነገር ነው ሲል የሚደርስበት ድምዳሜ፣ በዛፉ ሥር ከተፈጸመው የተለየ አይደለም።

5. ከጦርነት የተወለደ ጨዋታ

ከላይ የጠቀስኩት የተለመደ ንባብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ለመጫወቻነት አልተመረጠም፤ በላይኛው ክፍል ያሉት ተማሪዎች በቶርፔዶ ከተመታ መርከብ መዝለልን የሚለማመዱበት ነበር። «ብሊትዝቦል» ስሙን ያገኘው ከተሞችን ካጋየው የጀርመን የመብረቅ ጥቃት ነው። ፊኒያስ የሚለብሰው ታዋቂው ሮዝ ሸሚዝ እንኳ የቦምብ ድብደባ ድልን ማክበሪያ ነው። እግሩ ከተሰበረ በኋላ ጂንን የሚያሠለጥነው ለ1944 ኦሊምፒክ ነው፤ ያ ኦሊምፒክ ግን በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። አንድ መምህር ይህን ሥልጠና አይቶ የዛሬ ስፖርት ሁሉ ለጦርነቱ ነው ሲል፣ ፊኒያስ በአጭሩ አይደለም ይላል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የፈረስ ጉግሳችን ጋሻና ዘንግ ያለበት የጦር ልምምድ ነበር፤ ጨዋታ ከመባል ግን አልቀረም። ገና ጨዋታም ዱላ ለዱላ የሚያጋጥም ነው፤ ሆኖም በዚያ ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። ጨዋታ የጦርን ዕቃና ቃል ይዋሳል፤ የሚዋሰው ግን ቂሙን አውጥቶ ነው። ፊኒያስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ተማሪዎቹ በወንዙ ዳር የሚያዘጋጁት የበረዶ ወቅት ካርኒቫል ነው። ለሽልማት ከቀረቡት ዕቃዎች አንዱ በየመስመሩ ትርጉም የተጻፈበት «ኢሊያድ» ነው፤ ፊኒያስ ጨዋታውን የሚከፍተው ያን መጽሐፍ በማቃጠል ነው። ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ ዓይን ይህ ከባድ ትእምርት ነው። በ«ኢሊያድ» ሃያ ሦስተኛው መጽሐፍ አኪሊስ ለሞተው ጓደኛው ለፓትሮክለስ መታሰቢያ የሠረገላ፣ የቡጢ፣ የትግልና የሩጫ ውድድር ያዘጋጃል። በሆሜር ዘንድ ስፖርት ከጓደኛ ሞት በኋላ የሚመጣ የጦር ሜዳ ዕረፍት ነው። በዴቨን መጽሐፉ ይቃጠላል፤ ነገር ግን እዚህም ጓደኛ መሞቱ አይቀርም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገልብጧል። ካርኒቫሉ ሳያበቃ የሌፐር ቴሌግራም ይደርሳል፤ የተናጠሉ ሰላምም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያከትማል።

የስሙንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ፊኒያስ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ፊንሐስ ነው። በኦሪት ዘኁልቁ ፊንሐስ የሰላም ቃል ኪዳን የተሰጠው በጦር ወግቶ ስለገደለ ነው። ደራሲው ይህን አስቦም ይሁን ሳያስብ፣ ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ሰላምንና ጦርን በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል።

6. የፊኒያስ ጉድለት

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ፊኒያስን ቅዱስ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። በስፖርት ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ የሚያምነው እሱ ራሱ ሁልጊዜ ስለሚያሸንፍ ነው። ውጤት አለመቁጠር ለአሸናፊ ቀላል ነው። ጂን ከዛፉ በዘለለ ቁጥር የሚሰማው ፍርሃት፣ ያመለጠው ጥናት፣ ለፊኒያስ አይታዩትም። ጂን ከአደጋው በኋላ ስፖርትን ሸሽቶ የቀዘፋ ቡድን ረዳት ሲሆን፣ ፊኒያስ በስልክ «በእኔ ፈንታ አንተ ትጫወታለህ» ብሎ ይወስንለታል። ፍቅር ነው፤ ግን የሌላውን ሰው ሰውነት እንደ ራስ መቁጠርም ነው፤ መልማዩ ሠራዊትም ከተማሪዎቹ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጦርነት የለም፣ ወፍራም ሽማግሎች የፈጠሩት ወሬ ነው እያለ ሲያፌዝ የቆየውም፣ በስተኋላ እንደሚናዘዘው፣ በድብቅ ለየሀገሩ ሠራዊት ማመልከቻ እየጻፈ የሚቀበለው ስላጣ ነው።

ጂን በሆስፒታል አልጋው አጠገብ የሚሰጠው መልስ ግን የመጽሐፉ እጅግ ጥልቅ ሐሳብ ይመስለኛል። ብትዘምት ኖሮ፣ ይለዋል፣ ጦርነቱ ጋብ ባለ ጊዜ ወደ ጠላት ምሽግ ሄደህ ቤዝቦል እንጫወት ትል ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ ሁሉ ታምታታለህ። ጉድለቱም ጸጋውም በዚህ አንድ አባባል ውስጥ ተገልጸዋል።

7. ማጠቃለያ

ለመነሻው ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። የዴቨን ሜዳ ከጦርነት የራቀ ገነት አይደለም፤ ዛፉም፣ ኳሱም፣ ካርኒቫሉም ከጦርነቱ የተገኙ ናቸው። ፊኒያስ ያደረገው የግጥሚያን ዕቃ ወስዶ ጨዋታ ማድረግ ነው። ይህ ሰላም ደካማ ነው፤ አንድ ቆጣሪ ልብ ብቻ ይበቃዋል ለመፍረስ። ቢሆንም ሰላም አልነበረም ማለት አይቻልም።

ጂን ከ15 ዓመት በኋላ ተመልሶ ዛፉን ሲያየው ከሚያስታውሰው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። በጦርነቱ ማንንም አልገደለም፤ የእሱ ጦርነት በትምህርት ቤቱ ሜዳ አብቅቷል። ሲተርክልንም ያ ያልተመዘገበ የመዋኛ ክብረ ወሰን በእሱ ብቻ ይታወቃል። ዝም እንዲል ቃል የተቀበለው ጓደኛው ግን በሕይወት የለም። በምሥጢር የተያዘውን መተረኩ የመጨረሻው ክህደት ነው ወይስ ዘግይቶ የተሰጠ ምስክርነት? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን በዚህ ነጥብ ዛሬም ይሟገቱኛል።