ባለቤት ያጣ ስም፦ የ«ወጋጎዳ» ስያሜ ከሰዋስው አኳያ ሲመዘን

የሕዝብ መጠሪያ ቃላት በአማርኛ የታወቀ ሥርዓት አላቸው። «ጋሞ» የሚለው ስም ሕዝቡን፣ ወይም ከሕዝቡ አንዱን ሰው ያመለክታል፤ «-ኛ» የተባለው ባዕድ መድረሻ ሲጨመርበት «ጋሞኛ» ሆኖ ቋንቋውን ይጠራል። «-ዊ» በአብዛኛው የአገርን ስም ተከትሎ «ኢትዮጵያዊ»፣ «ኢትዮጵያዊት» በማለት ጾታን ይለያል። «ጋሞ» ግን ለወንዱም ለሴቷም አንድ ሲሆን፣ ጾታው የሚታወቀው «ነው» ወይም «ናት» በሚለው ማሰሪያ ነው። በጋሞኛም «አሳ» ማለት ሰው በመሆኑ፣ «ጋሞ አሳ» ሲባል የጋሞ ሰው ማለት ይሆናል።

አርባ ምንጭ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተወስደው «ወጋጎዳ» የሚል ስያሜ ተሰጠ፤ በዚሁ ስም የመማሪያ መጻሕፍት ታተሙ። በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ቀሩ።

የአራቱ ቋንቋዎች መቀራረብ በሥነ ልሳን ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ በአራት ፈንታ አንድ መጽሐፍ ማሳተምም ወጪን ይቀንሳል። ስለዚህ የሐሳቡ መነሻ ከንቱ ነበር ሊባል አይቻልም። ጉድለቱ ግን በስሙ ላይ ጎልቶ ይታያል። «ጋሞኛ» የሚለው ቃል «ጋሞ ነኝ» ከሚል ሰው አንደበት ይነሣል፤ «ወጋጎዳ አሳ» ብሎ ራሱን የሚጠራ ሰው ግን አልነበረም። ስሙ ቋንቋ ሰየመ እንጂ ተናጋሪ አልነበረውም።

የሰውና የቋንቋ ስም የግድ ከአንድ ሥር መውጣት አለበት ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። አያስፈልግም። በአየርላንድኛ እንግሊዛዊው «ሳሰናኽ» ሲባል ቋንቋው «ቤርላ» ይባላል፤ ሁለቱ ቃላት በሥር አይገናኙም። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ያጸናቸው የተናጋሪው ልማድ ነው፤ ከጽሕፈት ቤት በውሳኔ የወጡ አይደሉም።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪ ለመጽሐፍ ስም ከማውጣቱ አስቀድሞ፣ በዚያ ስም ራሱን የሚጠራ ሕፃን በክፍሉ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባዋል። መምህሩም «ሰው» እና «ቋንቋ» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ተማሪዎቹን ቢያለማምድ፣ ሰዋስውን ከማስተማሩም በላይ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስም በመጀመሪያው ዓምድ ሥር እንዲያገኝ ያደርጋል።