በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደ ጨረቃ

አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ መኪናውን ያስነሳል። ልጆቹ ይነታረካሉ። አባትየው ከምድር ወጥቶ ወደ ጨረቃ ይነዳል፤ ከዚያም ወደ ፕላኔቶቹ። ሠዓሊውና ደራሲው ኦሊቨር ጄፈርስ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተመው «ሚንዋይል ባክ ኦን ኧርዝ» በአጭሩ ይኸው ነው። ርዕሱን «በዚያው ጊዜ ምድር ላይ» ብንለው ያስኬዳል። መደርደሪያው የልጆች ነው። እኔ ግን ስለ ጉዞ ከተሠሩ መጻሕፍት ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ በተለይ አሁን አሁን ብዙ ከሚወራለት፣ አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ ከሚባለው ነገር ጋር ልናነበው ይገባል ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ፍጥነቱ ነው። መኪናዋ በሰዓት 37 ማይል ትሄዳለች፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት ጨረቃ ላይ ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ፣ ቬነስ ጋ ለመድረስ ደግሞ 78 ዓመት ይፈጃል። ጄፈርስ ከዚያ ላይ ሆነን ወደ ምድር እንድንመለከት ያደርገናል፦ ልክ ያን ያህል ዓመት ወደ ኋላ ቢቆጠር ሰዎች በምን ይጣሉ ነበር? ከ2022 ላይ 78 ሲቀነስ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል ነን። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ዘመኑ ይርቃል፣ ጠቡ ግን አይለቅም።

60 ኪሎ ሜትር እኮ የሮኬት ፍጥነት አይደለም። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ፍጥነት ነው፤ ያውም ቀኑ ከቀናው። ሳይንሱ «150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር» ሲለን ቁጥሩ ጆሯችን ላይ ቀርቶ ያልፋል። በአውቶቡስ ፍጥነት ስናሰላው ግን ፀሐይ ጋ ለመድረስ ከ280 ዓመት በላይ ነው፤ የልጅ ልጅ ልጆቻችን እንኳ አይደርሱም። የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ይሄ ይመስለኛል። ጠፈርን በሰው አቅም ለካው።

ይህንኑ ሐሳብ በዚያው ዓመት ከመጽሐፍ አውጥቶ መንገድ ላይ ዘርግቶታል። «አወር ፕሌስ ኢን ስፔስ» የተባለውን ሥራ ከአስትሮፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ስማርት ጋር ሆኖ በሰሜን አየርላንዷ ደሪ ከተማ አቆመው፤ ኋላም ካምብሪጅ ሄዷል። ፀሐይና ፕላኔቶቹ 591 ሚሊዮን ጊዜ አንሰው መንገድ ዳር የቆሙበት የእግር ጉዞ ነው። በዚህ ልኬት ምድር ከፀሐይ 250 ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጨረቃ ከምድር 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ አንድ እርምጃ አይሞላም። የሰው ልጅ በአካል የደረሰበት ሩቁ ቦታ ማለት ይህቺ እርምጃ ናት። ፕሉቶ ጋ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል፣ ያለ ነዳጅ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል።

ጄፈርስ ይህን የርቀት ነገር ከየት አመጣው? በ1977 አውስትራሊያ ተወልዶ ያደገው ቤልፋስት ነው፤ 3,500 ገደማ ሰዎች የሞቱበት ግጭት በ1998ቱ ስምምነት እስኪረግብ ድረስ ልጅነቱን እዚያ አሳልፏል። ሰፈር ከሰፈር የሚለዩት ግንቦች አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመዋል። ኋላ ኒው ዮርክ ኖረ። ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ አገሩን ሲያይ፣ ያ ሁሉ ሰው የሞተለት ልዩነት ከሩቅ አይታይም። «ሂር ዊ አር» የተባለውን የ2017 መጽሐፉን ለሕፃን ልጁ ሲሠራ ምድርን እንደ አንድ ቤት ያስጎበኘውም፣ በ2019ኙ «ዘ ፌት ኦቭ ፋውስቶ» ውስጥ ተራራውንም ሐይቁንም «የኔ ነው» ሲል የኖረውን ሰውዬ ባሕር ውስጥ ያሰመጠውም ከዚሁ ሐሳብ ተነስቶ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከሠዓሊው ጋር እንለያያለን። መጽሐፉ በወጣበት ሰሞን ነው የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.። የሁለት ዓመት ጦርነት ላይ ቆሞ ይህን መጽሐፍ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። «ከላይ ሲታይ ወሰን የለም» የሚለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም፤ አውሮፕላን መስኮት ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ሆናችሁ የዓባይን በረሃ ስታዩት አረንጓዴና ቡናማ ብቻ ነው፣ ኬላ የለ፣ ተኩስ የለ። ታዲያ ብዙዎቻችን በዚያ በኩል የምንበረው ለምንድን ነው? ገንዘብ ተርፎን አይደለም። ጉዞ አስቤአለሁ ስል እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብላ ነው። የምንበረው ምድሩ አላሳልፍ ስላለን ነው። ርቀት ጄፈርስን አስታርቆት ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን መሸሻ ሆኗል።

አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ ወዳጆች ምክራቸው ቀላል ነው፦ ለአጭር መንገድ አትብረሩ፣ አውቶቡስ ወይ ባቡር ያዙ። ልክ ናቸው። አጭር በረራ በነፍስ ወከፍ ከአውቶቡስ ብዙ እጥፍ ጭስ ይለቃል። ግን ምክሩ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወስዳል፤ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ። ጄፈርስም እንደዚያው ነው፤ መኪናዋን መንገድ ላይ የሚያስቆማት የለም።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። የኋላ ወንበሩን ንትርክና የመንግሥታትን ጦርነት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል። ሁለት ልጆች ሲጣሉ «ሁለታችሁም ዝም በሉ» ይባላል። ጦርነት ላይ ግን ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አለ፣ ያቃጠለም አለ። ከቬነስ ላይ ሆኖ ይህን መለየት አይቻልም። ትንሿ መኪና በዚያ ጨለማ መሀል ስትሳል ታምራለች፤ ውበቱ ግን ጥያቄውን አሳንሶታል።

ይህም ሆኖ መጽሐፉን አልጥለውም፤ የማቆየው ለፍጥነቱ ስል ነው። ከላይ የሚያይ ሰው ወሰን አያይም፣ ሰውም አያይም። በ60 የሚሄድ ሰው ግን ጎሃ ጽዮን ላይ ሻይ ይጠጣል፣ በረሃውን ወርዶ ደጀን ላይ ሲወጣ ጎኑ ከተቀመጠው ከማያውቀው ሰው ጋር ቆሎ ተካፍሏል፣ የማን ልጅ እንደሆነም ተጠይቋል። ስለ ጎረቤታችን የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅነው እንዲህ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከጭሱ በላይ የከሰርነው ይህንን ነው።

ጄፈርስ በ2023 ባወጣው «ቢጊን አጌይን» የሰው ልጅ ከዚህ በኋላ ወዴት ይሂድ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ወደኛ ሲመጣ መልሱ ሩቅ አይመስለኝም። ጨረቃ ትቆየን። መጀመሪያ አንድ አውቶቡስ ንጋት ላይ ተነስቶ፣ ሳይፈራ፣ ማታ ባሕር ዳር ይግባ።