ተገልብጦ የቆመው ፍጡር

አንድ መጽሐፍ ዋና ምስክሩ ቃሉን ቢለውጥበት ምን እናድርገው? ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ሊቅ ስቲፈን ጄይ ጉልድ በ1989 ያሳተመው «ወንደርፉል ላይፍ» (ድንቅ ሕይወት) ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጽሐፉ ታሪክ ከካናዳ ተራሮች ይነሳል። የስሚዝሶኒያን ተቋም ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ዋልኮት በ1909 በርጀስ ሼል በተባለ ሥፍራ፣ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የካምብሪያን ዘመን እንስሳትን አገኘ። ጭቃ በድንገት ስለተጫናቸው አጥንትም ቅርፊትም የሌላቸው እንኳ ቅርጻቸው በድንጋዩ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ዋልኮት ከ65 ሺህ በላይ ናሙና ሰበሰበ። አብዛኞቹንም ዛሬ በምናውቃቸው የእንስሳት ወገኖች ውስጥ መደባቸው።

ከስድሳ ዓመት በኋላ የካምብሪጁ ሃሪ ዊቲንግተንና ሁለት ተማሪዎቹ ድንጋዮቹን እንደገና መረመሩ። አምስት ዓይንና ረጅም ኩምቢ ያላት ኦፓቢኒያ ብቅ አለች። ሥዕሏ በ1972 ለሊቃውንት ሲቀርብ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ጉልድ እንደሚለው፣ ዋልኮት የተሳሳተው ዓይኑ ስለደከመ ሳይሆን ልቡ አስቀድሞ ስለወሰነ ነው። ሕይወት የጀመረችው በብዙ እንግዳ ፍጥረታት ነበር፤ የቀሩትን ያስቀረው ግን ዕድል ነው። የሕይወትን ካሴት አጠንጥነን ዳግም ብናጫውተው ሌላ ዜማ ይወጣ ነበር፤ ሰውም ባልኖረ።

በዚህ አሳብ ተማርኬ ለወዳጆቼ ስለ ሃሉሲጄኒያ ስንት ጊዜ አወራሁ! ሳይመን ኮንዌይ ሞሪስ በ1977 ይህን ስም ሲሰጣት፣ በእሾህ ላይ ቆማ የምትሄድ፣ ጀርባዋ ላይ ለስላሳ ክሮች የተተከሉባት ጉድ ነበረች። በ1991 ግን ላርስ ራምሽልድና ሁ ሺያንጓንግ በቻይና ዩናን ግዛት ከተገኙ ዘመዶቿ ጋር አስተያይተው ገለበጧት። እሾሁ የጀርባ መከላከያ፣ ክሩም እግር ሆነ። በ2015 ደግሞ ራስ ሲባል የኖረው እብጠት ከሬሳዋ የፈሰሰ ነገር መሆኑ ታወቀ፤ ትክክለኛው ራስ ከነዓይኑ በሌላው ጫፍ ተገኘ። ኦፓቢኒያም ብትሆን የነፍሳትና የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ሆና ተመዘገበች። ጉልድ ያሞገሰው ኮንዌይ ሞሪስ ራሱ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ተቃወመው።

የጉልድ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ዋልኮት ሁሉንም ዘመድ ለማድረግ ቸኮለ፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም ባዕድ ለማድረግ ቸኮለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስህተቱን ባወቅሁ ጊዜ የተታለልኩ መስሎኝ መጽሐፉን ልጥለው ነበር። እንደገና ሳነበው ግን ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ የካሴቱ ጥያቄ ከሃሉሲጄኒያ ጋር አልወደቀም። እንስሳቱ የዛሬዎቹ ዘመዶች ቢሆኑም እንኳ፣ ከዘመዳሞቹ አንዱ ተርፎ ሌላው ለምን ጠፋ የሚለው እንዳለ ነው። ሁለተኛ፣ ጉልድ ድንጋዩ እንዴት እንደሚፈለፈል፣ ሥዕሉ እንዴት እንደሚነሳ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ፍርዱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ያስረክበናል። የራሱን ስህተት የምናይበትን መነጽር የሰጠን እሱ ነው። ፍርዳቸው ትክክል ሆኖ ይህን የማይሰጡ መጻሕፍት ስንት ናቸው?

ስለዚህ አንብቡት እላለሁ። የሃሉሲጄኒያ ሥዕል ላይ ስትደርሱ ግን መጽሐፉን ገልብጣችሁ ያዙት።