ቆጠራ ምዝገባ አይደለም፦ ስለ አንድ የተማሪዎች የሕዝብ ቆጠራ ድረ ገጽ የቀረበ ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ከሚገኙት ኮሌጆች በአንዱ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የመመረቂያ ሥራዎች በሚመዘኑበት ወቅት ይህ ጸሐፊ በውጭ መዛኝነት ተጋብዞ ነበር። ከቀረቡት ሥራዎች መካከል አንዱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መረጃ በኢንተርኔት የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም። በዘርፉ የሚያስተምሩ መምህራን እንደሚያውቁት፣ የተማሪ ምዝገባ፣ የቤተ መጻሕፍት ውሰትና የሕዝብ ቆጠራ ከዓመት ዓመት እየተመላለሱ የሚመረጡ ርእሶች ናቸው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የሚሰጠው ሒስ በአራት ተማሪዎች ሥራ ላይ ብቻ የሚያርፍ ሳይሆን፣ ርእሱን የሚያስመርጡትንና የሚመዝኑትን ሁሉ፣ ጸሐፊውንም ጭምር የሚመለከት ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የአገራችንን የቆጠራ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተካሄደ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተላለፈ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት እንዲራዘም ወሰኑ፤ በተባለው ጊዜም ሳይካሄድ ቀረ። ከሦስተኛው ቆጠራ በኋላ በተወለዱ ወራት የተወለደ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪያገባድድ ድረስ በአገር አቀፍ ቆጠራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆጠር አድጓል ማለት ነው።

ይህ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የዕለት ተዕለት ችግር ነው። የትምህርት ተሳትፎ መጠን ሲሰላ ላዕሉ በየትምህርት ቤቱ የተመዘገበው የተማሪ ቁጥር ነው፤ ታሕቱ ግን ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በመነሣት የተተነበየው ለትምህርት የደረሰ ሕፃን ቁጥር ነው። ትንበያው ከእውነቱ ያነሰ እንደሆነ ተሳትፎው አለቅጥ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የበለጠ እንደሆነ ደግሞ በመማር ላይ ያለው ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ቆጠራ በሚገባ መማር ያለበት ርእስ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የሥራው ይዘትና ጠንካራ ጎኑ

በተማሪዎቹ ድረ ገጽ ላይ የቤተሰቡ ኃላፊ በስልክ ቁጥሩና በኢሜይል አድራሻው መለያ ይከፍታል፤ ከዚያም ክፍለ ከተማውን፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ሞልቶ የቤተሰቡን አባላት ስም፣ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ፣ የትምህርት ደረጃና ሥራ ያስገባል። የበላይ ተቆጣጣሪው በበኩሉ በራሱ ገጽ የሕዝቡን ድምር በጾታና በዕድሜ ተከፋፍሎ በሥዕላዊ መግለጫ ይመለከታል።

ሥራው የሚመሰገንባቸው ነጥቦች አሉት። ቅጹ ከ7 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ስለ ጋብቻ አይጠይቅም፤ ከአባቷ የምትበልጥ ልጅ ስትጻፍ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለው እርማት በወረቀት መጠይቅ የሚደረሰው ወረቀቱ ከመስክ ተመልሶ ሲመረመር ነው። በተጨማሪም መልሱ አንዴ ከተጻፈ ሁለተኛ ጊዜ መገልበጥ ስለማያስፈልግ በግልበጣ የሚፈጠረው ስሕተት ይቀራል። የመረጃ ቋቱ አደረጃጀትም ጥሩ የተማረ እጅ እንደሠራው ያስታውቃል።

መሠረታዊው ጉድለት

በግምገማው ዕለት ጸሐፊው ለተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው። «ከአደባባዩ ጀርባ ባለ ግቢ የምትኖር፣ ከገጠር በመጣች በሦስተኛ ወሯ ያለች የቤት ሠራተኛ ብትኖር ማን ይመዘግባታል?» ከመካከላቸው አንዱ፣ «መምህር፣ የቤቱ ባለቤት ይመዘግባታል» ሲል መለሰ። «ባለቤቱ የቤተሰቡ አባል ናት ብሎ ባያስብስ?» ተባሉ። መልስ አልነበራቸውም። ይህ ዝምታ ከሥራው ገጾች ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነበር።

መዝገብ የሚመጣውን ይጽፋል፤ ቆጠራ ግን የማይመጣውን ይፈልጋል። በቆጠራ ሙያ በአጠቃላይ ተቀባይነት ያገኙት መሠረታውያን መርሖች፣ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው መቆጠሩ፣ በተወሰነው ክልል ውስጥ ያለ ማንም ሳይቀር መካተቱ፣ ቆጠራው ለሁሉም አንድ የሆነ ቁርጥ ጊዜን መመልከቱ፣ በተወሰነ የዓመታት ልዩነትም መደጋገሙ ናቸው። የተማሪዎቹ ድረ ገጽ ከነዚህ መካከል በተሟላ ሁኔታ የጠበቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ማንም ሳይቀር መካተቱን የሚያረጋግጥበት ዘዴ የለውም፤ ምክንያቱም ስንት ቤት ሊሞላ ይገባው እንደ ነበር አያውቅም። ድምሩ የሚነግረን የሞሉትን ብዛት እንጂ የሕዝቡን ብዛት አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ አድርጎ በሥዕል ማቅረብ ደግሞ ስሕተቱን ማስዋብ ይሆናል።

በባሕላዊው አሠራር ይህን ችግር የሚፈታው ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው የካርታ ሥራ ነው። አገሪቱ በቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ ለእያንዳንዱ ቦታ ወሰን ይበጅለታል፤ ቆጣሪውም በውስጡ ያለውን ቤት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በራፉ የተዘጋ ቤት እንኳ በዝርዝሩ ላይ ስለሚገኝ መቅረቱ ይታወቃል። የልደታ ምሳሌነትም እዚህ ላይ ነው። ነባር ሰፈሮች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ፎቆች ስለ ተተከሉ፣ ያረጀ ካርታ ይዞ የሚወጣ ቆጣሪ የሌለ ቤት ሲፈልግ ያለውን ያልፋል። ካርታ የሌለው ድረ ገጽ ደግሞ ማለፉን እንኳ አያውቅም።

ቅጹና ሰው

ሁለተኛው ጉድለት በቅጹ ዝርዝር ላይ ይታያል። ተማሪዎቹ የቅጹን አጥንት ከውጭ አገር ናሙና ሳይወስዱት አልቀሩም። የልደት ወር የሚመረጥበት ዝርዝር 12 ወራት ብቻ ስላለው በጳጉሜን የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። «የቤተሰብ ስም» የግድ እንዲሞላ ተጠይቋል፤ በአገራችን ግን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የትውልድ ቀን በትክክል መጻፉም ግዴታ ሆኗል። ዕድሜያቸውን «ጣልያን ሲገባ ልጅ ነበርኩ» ብለው የሚናገሩ አዛውንት የሚስተናገዱበት አልተዘጋጀም። የሠለጠነ ቆጣሪ የታወቁ ታሪካዊ ድርጊቶችን እያነሣ ዕድሜን ይገምታል፤ ድረ ገጹ ግን ትክክለኛ ቀን ካላገኘ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያሳልፍም። ውጤቱም የፈጠራ ቀን መጻፍ ይሆናል።

የቤት ቁጥር የቤተሰብ መለያ ሆኖ መወሰዱም እንዲሁ ነው። በከተማችን በአንድ የቤት ቁጥር ሥር ባለቤቱ፣ የጓሮው ተከራይ፣ ደባሉና በጭማሪ ክፍል የሚኖሩ ወጣቶች የየራሳቸውን ድስት ጥደው ይኖራሉ። የመጀመሪያው ሲመዘገብ ድረ ገጹ ሁለተኛውን «ይህ ቤት ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሰዋል። በአንድ ግቢ 4 ቤተሰብ ቢኖር 3ቱ በገዛ መርሐ ግብራችን ተከለከሉ ማለት ነው። ከተማዋ ቀበሌን በወረዳ ከተካች ዓመታት ማለፋቸው እየታወቀ «ቀበሌ» የሚል ክፍት ቦታ መተዉ ደግሞ ቅጹ በአንድም በራፍ ላይ እንዳልተሞከረ ይመሰክራል።

ከዚህም በላይ ሜክሲኮ የቀን ሕዝቡና የሌሊት ሕዝቡ የማይመሳሰሉበት ቦታ ነው። ቀን በታክሲና በባቡር የሚመላለሰው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚውለው ሰው ማታ ወደ የሰፈሩ ይበተናል፤ በአልጋ ቤት የሚያድረው መንገደኛ፣ የዘብ ሠራተኛውና በጎዳና የሚያድረው ልጅ ግን እዚያው ይቀራል። ሰው የሚቆጠረው ካደረበት ነው ወይስ ዘወትር ከሚኖርበት? ይህ ቁርጥ ያለ ትርጉም ሳይሰጠው ሁለት ጊዜ የሚቆጠርና ከነአካቴው የሚቀር ሰው መኖሩ አይቀርም። በተማሪዎቹ ጽሑፍ ውስጥ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አልተገኘም።

የሌሎች አገሮችና የራሳችን ልምድ

በኢንተርኔት መቆጠር በራሱ ስሕተት ነው የሚል አስተያየት ከዚህ እንዳይወሰድ ያስፈልጋል። ኢስቶኒያ በ2004 ዓ.ም. ባካሄደችው ቆጠራ ከሕዝቧ ወደ 2/3ኛ የሚጠጋው በኢንተርኔት መልሷል፤ ሆኖም ለቀሪው ቆጣሪዎች ቤት ለቤት ተሰማርተዋል። አውስትራሊያ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ባካሄደችው ቆጠራ ድረ ገጹ በቆጠራው ምሽት ተዘግቶ ወደ 40 ሰዓት ያህል ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙ ሀብትና ባለሙያ ያለው መሥሪያ ቤት እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ጎረቤታችን ኬንያ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በኮምፒዩተር መሣሪያ ስትቆጥር መሣሪያውን የሰጠችው ለቆጣሪው ነው። በቆጣሪ እጅ ያለ መሣሪያና ነዋሪው ራሱ እንዲሞላው የተተወ ድረ ገጽ እንግዲህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ለአራተኛው ቆጠራ ወደ 180,000 የሚሆን ታብሌት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቆጠራውን ያስተላለፈው ግን የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን የጸጥታ ችግርና የሕዝብ መፈናቀል ነው። በ1999 ዓ.ም.ም ቢሆን የአፋርና የሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ከሌሎቹ ወራት ዘግይተው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብርቱ ጥያቄ መነሣቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመለሰው በገጽ ውበት አይደለም፤ ማን እንደ ተቆጠረና ማን እንደ ቀረ ማሳየት በሚችል አሠራር ነው።

ስለ ምስጢር ጥበቃም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ተማሪዎቹ ድረ ገጹን ለመሞከር የጎረቤቶቻቸውን እውነተኛ ስም፣ ሃይማኖትና ብሔረሰብ አስገብተው በግምገማው ዕለት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳዩን። በክፋት እንዳላደረጉት ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በወጣበት አገር፣ ይህን የከለከለ አማካሪ መምህር አለመኖሩ ያሳስባል። ሰው ለቆጣሪ እውነቱን የሚናገረው ምስጢሩ እንደሚጠበቅ ሲያምን ነው፤ ይህ እምነት አንዴ ከጠፋ በየትኛውም መሣሪያ አይመለስም።

ለመምህራንና ለመዛኞች የቀረበ አሳብ

ርእሱን መከልከል መፍትሔ አይሆንም። በአንጻሩ አሠራሩን በሚከተለው መንገድ ማረም ይቻላል።

1ኛ/ ተማሪዎቹ ኮምፒዩተር ከመክፈታቸው በፊት በእግር ይውጡ። በኮሌጁ አካባቢ አንድ አነስተኛ ቦታ ወስነው ካርታውን በእጃቸው ይሣሉ፤ ግቢዎቹን፣ በየግቢው ያሉትን ቤቶችና ቤተሰቦች ይዘርዝሩ።

2ኛ/ «ቤተሰብ»፣ «ነዋሪ»፣ «የቆጠራ ሌሊት» ለሚሉት ቃላት በጽሑፍ ትርጉም ይስጡ። ከአስቸጋሪ ሁኔታዎች መካከል ቢያንስ የቤት ሠራተኛን፣ ተከራይን፣ እንግዳንና ጎዳና አዳሪን በትርጉሙ ይፈትኑ።

3ኛ/ ፈቃደኛ የሆኑ 20 ቤተሰቦችን አንዴ በወረቀት፣ አንዴ በድረ ገጹ ጠይቀው ልዩነቱን ይዘግቡ። የሰዎቹ ስም በሥራው ውስጥ አይግባ፤ ለማሳያ የሚያገለግለው መረጃ የፈጠራ ይሁን።

4ኛ/ መሣሪያው መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም መልስ መያዝ የሚችል፣ ግንኙነት ሲገኝ የሚልክ ይሁን።

5ኛ/ ድረ ገጹ ከተሞላው ድምር ጎን ያልተሞሉትን ቤቶች ብዛት ያሳይ። ቆጠራን ከምዝገባ የሚለየው ይህ አንድ ቁጥር ነው።

6ኛ/ ከመመረቂያ ሥራው ውጤት ግማሹ ለነዚህ ነጥቦች፣ ግማሹ ለመርሐ ግብር ጽሕፈቱ ይሰጥ። ተማሪ የሚተጋው በሚመዘንበት ነገር ነውና።

መደምደሚያ

ተማሪዎቹ በዕለቱ ከፍተኛ ውጤት አገኙ፤ ጸሐፊውም ከፈረሙት አንዱ ነው። የመመዘኛው ቅጽ የገጹን መልክ፣ የመረጃ ቋቱን አደረጃጀትና የአቀራረብን ችሎታ እንጂ የቆጠራውን እውነተኛነት አይጠይቅም ነበር። እኛ መዛኞቹም እነርሱን በወቀስንበት ስሕተት ውስጥ ወድቀን፣ በቅጹ ላይ ያልተጻፈውን ሳንፈልግ ቀረን።

መምህራን ለአገራዊ ቆጠራ በቆጣሪነትና በተቆጣጣሪነት ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። በራፍ ያንኳኳ፣ ውሻ ያባረረው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አራተኛ የሄደ መምህር ቆጠራ ምን እንደሆነ ለተማሪው ሊነግረው ይችላል። ዛሬ የሚማሩት ወጣቶች ግን ቆጣሪ ደጃቸውን ሲያንኳኳ አላዩም። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲደርስ መሣሪያውን የሚሠሩትም፣ መሣሪያውን ይዘው የሚወጡትም እነርሱ ናቸው። ከዚያ በፊት ሊማሩት የሚገባው፣ ቅጹን ያልሞላው ሰውም ከሕዝቡ አንዱ መሆኑን ነው።