የ«ችሎታ» ሚዛን በአዋሽ ሸለቆ

ዕድል በትውልድና በሀብት ሳይሆን በችሎታ ይከፋፈል የሚለው ሐሳብ በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ተቃዋሚ የሌለው መስሎ ይታያል። ሐሳቡ የሚጠራበትን «ሜሪቶክራሲ» የተባለውን ቃል በዓለም ያስታወቀው እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ግን ስላቅ እንጂ ውዳሴ አልነበረም። ተራኪው ዘመኑን 2034 አድርጎ፣ ብልህነትና ጥረት ተደምረው የሰውን ደረጃ የሚወስኑበትን ሥርዓት ሲያሞግስ ይቆይና በመጨረሻ ሥርዓቱ ባስቆጣቸው ሰዎች ዐመፅ መካከል ይሞታል። አንባቢዎች ስላቁን ትተው ቃሉን ወሰዱት፤ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ2001 በጋዜጣ ላይ ቅሬታውን እስከ መግለጽ ደርሷል። ከመጽሐፉ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም በትውልዱ ምክንያት ወደ ታች የተገፋ ሰው ጥፋቱ የሌላ መሆኑን ያውቃል፣ በፈተና ወደ ታች የወረደው ግን ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ተነግሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «ሴክተር ሪቪው» አጭር ትምህርትን ለሰፊው ገጠር ለማዳረስ ሲያቅድ፣ መምህራንና ወላጆች የድኻ ልጅ ከታች እንዲቀር ያደርጋል በማለት በየካቲት 1966 ዓ.ም. ተቃወሙት፤ ተግባራዊነቱም ቆመ። በቅርብ ጊዜ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደርጓል። በዚያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። ኩረጃን ለመግታት መቁረጥ የሚመሰገን ነው፤ በኩረጃ ዘመን ለፍቶ ያጠና ተማሪ ምን ያህል ይበደል እንደነበር መምህር ሁሉ ያውቃል። ይሁንና ሚዛኑ መጽዳቱ፣ በሚዛኑ ላይ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ አይነግረንም።

ፈረንሳውያኑ ፒዬር ቡርዲዩና ዣን ክሎድ ፓስሮን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ሥራ የተከራከሩት በዚሁ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ራሱ የማያስተምረውን የአነጋገር ስልትና የመጽሐፍ ልማድ ከተማሪው ይጠይቃል፤ ይህን ከቤቱ ይዞ የመጣውም ልጅ ተሰጥዎ እንዳለው ይቆጠርለታል። በአፋር ዘንድ ይህ ሐሳብ በዳጉ ሲፈተን ብርታቱ ይታያል። ዳጉ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ዝናብ የጣለበትን፣ ግጦሽ የተገኘበትን፣ ጸጥታ የታወከበትን ስፍራ በዝርዝር የሚነጋገሩበት ወግ ነው። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፤ ሐሰት ያወራም ይወቀሳል፣ ይቀጣልም። የታሪክ መምህር ከተማሪው የሚሻው ምንጭን የመመርመር ችሎታ ከዚህ በምን ይለያል? ነገር ግን ይህ ችሎታ በፈተና ወረቀት ላይ ዋጋ የለውም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለአርብቶ አደሩ ልጅ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ምክንያቱ አፋርኛ ለትምህርት አይመችም የሚል ሊሆን አይችልም፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተገለገለባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበርና።

ሆኖም የፈረንሳውያኑን ንድፈ ሐሳብ እንዳለ መቀበል አይገባም። እነርሱ የጻፉት ሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት ስለሚገባበት አገር ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ ልዩነቱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተስፋፉት ሰፋፊ እርሻዎች ለበጋ ግጦሽ መጠለያ የነበረውን የወንዝ ዳር መሬት ያዙ። መንጋው ርቆ በሄደ ቁጥር ልጁም ከክፍሉ ራቀ። በአንጻሩ አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ሐዲድ፣ ሰመራ በጂቡቲ መንገድና በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ምክንያት ያደጉ ከተሞች ናቸው፤ የነጋዴው፣ የሹፌሩና የመንግሥት ሠራተኛው ልጅ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ስፍራ ይማራል።

የድጋፍ ፖሊሲያችን ደካማ ጎን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢዎች ተማሪዎች በየጊዜው የተወሰነው ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ የሚቆጥረው አካባቢን እንጂ ቤተሰብን አይደለም። በመሆኑም የሰመራው የቢሮ ኃላፊ ልጅና ግመል ተከትሎ ሁለት ወቅት ከክፍል የቀረው ልጅ በአንድ መዝገብ «አፋር» ተብለው ይሰለፋሉ፤ ቦታው ጥቂት ሲሆን ማን እንደሚቀድም መገመት አያስቸግርም። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መኖርም ይህን አልለወጠውም፤ ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ ግቢው ለአርብቶ አደሩ በእግር ቅርብ፣ በውጤት ሩቅ ነው።

ድጋፉ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ወደ ባለቤቱ ይድረስ ነው። የተፈታኝ ምዝገባ ሦስት ነገሮችን ቢይዝ፣ ማለትም ቤተሰቡ ከመንጋ ጋር ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ተማሪው ስንት ወቅት እንዳቋረጠ፣ ፊደል የቆጠረው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ ውጤቱም በእነዚህ ተከፍሎ ቢታተም፣ ዕቅድ አውጪው የሚያስተካክለውን ይለይ ነበር። የከተማው ሰው ለጥቅም ሲል አርብቶ አደር ነኝ ይላል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ዳጉ ባለበት አገር ግን የማን ቤት ባለፈው በጋ ወዴት እንደተጓዘ ከጎሳው ሽማግሌዎች ጠይቆ ለማረጋገጥ አንድ ቀን የሚፈጅ ጉዳይ አይደለም።