የጀግና ክብርና የሣቅ ልክ
ስለ ቶር ፊልሞችና ስለ አድናቂዎቻቸው ክርክር

ስለ ጀግና የሚነገር ታሪክ ሁለት አንደበት አለው፤ አንዱ የፉከራ፣ ሁለተኛው የጨዋታ ነው። ፉካሪው ጀግናውን ከሰው በላይ ከፍ ሲያደርገው፣ ተጫዋቹ ደግሞ ፈረስ የጣለውን፣ እንቅፋት የመታውን፣ ሚስት የተቈጣችውን ቀን እያነሣ ወደ ሰው ማኅበር ይመልሰዋል። ሁለቱም አስፈላጊዎች መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ ክርክር የሚነሣው የትኛው በየትኛው ቦታ ይነገር የተባለ እንደ ሆነ ነው። ይህ ክርክር በዘመናችን ጎልቶ ከሚሰማባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ የሚሠሩት የልዕለ ኃያላን ጀግኖች ፊልሞች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል አድናቂዎችን እንደ ቶር ፊልሞች ለሁለት የከፈሉ ጥቂቶች ናቸው።

ቶር የስሜን አውሮጳ ሕዝቦች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ያመልኩት የነበረ የነጐድጓድ አምላክ ነው። ማርቭል የተባለው የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ አሳታሚ በ1962 ከጀግኖቹ አንዱ አደረገው፤ በራሱ ስም በተጠራ ትልቅ ፊልም የታየው ግን በ2011 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) የዚያ ፊልም አዘጋጅ በሼክስፒር ቴአትሮች ትወናና ዝግጅት ስሙ የታወቀው ኬኔት ብራና ስለ ነበረ፣ ታሪኩ የሽማግሌ ንጉሥ፣ የትዕቢተኛ አልጋ ወራሽና የቅናተኛ ወንድም ታሪክ ሆኖ ቀረበ። ቀልድ ባይጠፋበትም የተመሠረተው በቁም ነገር ላይ ነበር። በ2013 በአለን ቴይለር አዘጋጅነት የወጣው ሁለተኛው ፊልም ይህንኑ ክብደት ይዞ ቀጠለ፤ ነገር ግን ሕይወት ጐደለውና ብዙ ሰው ሳይወደው ቀረ። ለሦስተኛው የተጠራው የኒውዚላንድ ተወላጁ ታይካ ዋይቲቲ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቀልድ ሰው ነበር።

«ቶር፤ ራግናሮክ» በ2017 በወጣ ጊዜ ተመልካቹ ያገኘው ፈጽሞ ያልጠበቀውን ነው። ጀግናው የሚመካበት መዶሻ በእኅቱ እጅ ይደቃል፤ እሱም በባዕድ ምድር ተይዞ በገንዘብ ይሸጣል፤ ረጅም ጠጕሩ ይቈረጣል፤ የዚያች ምድር ገዢ እንዲዝናና ከቀድሞ ባልንጀራው ከሐልክ ጋራ በአደባባይ እንዲደባደብ ይደረጋል፤ በመጨረሻም አንድ ዐይኑን ያጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ተመልካቹ ይሥቃል። ይሁን እንጂ ሣቁ ሥራ የሚሠራ ሣቅ ነው። የአልጋ ወራሹን ትዕቢት እንደ ልብስ አንድ በአንድ እየገፈፈ፣ መዶሻ የሌለው ሰው ኃይሉ ድሮም ከመዶሻው እንዳልመጣ እስኪያውቅ ድረስ ያደርሰዋል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ አንድ ትልቅ ትዕይንት አለ። ሄላ የተባለችው ታላቅ እኅቱ ወደ አስጋርድ ቤተ መንግሥት በተመለሰች ጊዜ በጣሪያው ላይ የተሣለውን የሰላምና የደስታ ሥዕል ታፈርሰዋለች፤ ከሥሩም የተሸፈነው የወረራና የዘረፋ ሥዕል ይገለጣል። አባታቸው ኦዲን መንግሥቱን በሰይፍ ካስፋፋ በኋላ ታሪኩን በቀለም ሸፍኖት ኖሯል። ልብ ብለን ብንመለከት፣ የዋይቲቲ ቀልድ በመላው ፊልም የሚሠራው ሄላ በጣሪያው ላይ የሠራችውን ነው፤ የወርቁን ቀለም ፍቆ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። እንዲህ ያለውን ቀልድ ክብረ ነክ ነው ብሎ የሚነቅፈው፣ ክብርና ቀለም አንድ የሚመስሉት ሰው ብቻ ነው።

የአድናቂዎች ክርክር የሚጋጋለው ግን በፊልሙ ማለቂያ ላይ ነው። ሄላ ኃይሏን ከአስጋርድ ምድር ስለምታገኝ፣ ቶር ሕዝቡን አትርፎ ምድሪቱ እንድትጠፋ ይወስናል። ሕዝቡ በመርከብ ላይ ሆኖ አገሩ ስትነድ ይመለከታል። ኮርግ የተባለው ከድንጋይ የተፈጠረ የዋህ ወታደር (ድምፁን የሰጠው ራሱ ዋይቲቲ ነው) መሠረቷ እስካልተነካ ድረስ መልሰን እንሠራታለን ብሎ ማጽናናት ሲጀምር፣ ከተማዪቱ ከነመሠረቷ ትፈነዳለች፤ እሱም ይቅርታ ይጠይቃል።

በዚች አጭር ቀልድ ላይ አድናቂዎች ዓመታት ሙሉ ተከራክረዋል። አንደኛው ወገን፣ ሕዝብ አገሩን ሲያጣ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ዝም ብሎ እንዲያዝን አልተፈቀደለትም፤ አዘጋጁ እንባን ስለ ፈራ ሣቅን ጣልቃ አስገባ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ አገር ማለት ሕዝቡ እንጂ ምድሩ አይደለም የሚለው የኦዲን ቃል አስቀድሞ ስለ ተነገረ ጥፋቱ ትርጕሙን አግኝቷል፤ ቀልዱም የተረፈ ሕዝብ ቀልድ ነው ሲል ይመልሳል። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ ስለዚያች ቅጽበት፣ ሁለተኛዎቹ ስለ መላው ፊልም እውነት ይናገራሉ። ቀልዱ ቸኵሏል፤ ነገር ግን ከፊቱ የተከፈለው ዋጋ ብዙ ስለ ነበረ ፊልሙ ዕዳውን ሊሸከመው ችሏል።

ተመልካቹ ፊልሙን በመውደዱ ገቢው 850 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ፤ ይህም ከፊተኞቹ ከሁለቱም የበለጠ ነበር። የነጋዴ ልማድ ደግሞ የተሸጠውን ነገር በእጥፍ አድርጎ ማምጣት ነው። በ2022 የወጣው «ቶር፤ ፍቅርና ነጐድጓድ» የተሠራው በዚሁ አሳብ ይመስላል። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው፣ ይህ ፊልም የያዘው ጕዳይ ከቀዳሚው ይልቅ የከበደ መሆኑ ነው። ሲጀምር ጎር የተባለ ሰው ልጁን ተሸክሞ በምድረ በዳ ይታያል፤ ልጅቱ በጥም ትሞታለች፤ ያመልከው የነበረው አምላክ በግብዣ ላይ ተቀምጦ ሲያገኘው ይሣለቅበታል። ጎርም አማልክትን ሁሉ ሊፈጅ ይምላል። በሌላ ወገን የቶር የቀድሞ ወዳጅ ጄን ፎስተር በመጨረሻ ደረጃ ላይ በደረሰ የካንሰር በሽታ ተይዛለች። የቶርን የቀድሞ መዶሻ ስታነሣ ብርቱ ጀግና ትሆናለች፤ ነገር ግን መዶሻው በሽታውን የምትከላከልበትን ኃይል እያሟጠጠ ሞቷን ያፋጥናል። የታመመ ሰው ጀግንነትን የሚገዛው በቀረችው ዕድሜው ነው የሚለው አሳብ፣ ለማንኛውም ደራሲ የሚያስቀና አሳብ ነው።

ይህን ሁሉ የያዘው ፊልም ግን ትዕይንቱን ያለ ማቋረጥ ለሚጮኹ ሁለት ፍየሎችና በአሮጌው መዶሻ ለሚቀና መጥረቢያ ይሰጣል። ቀልዱ አንድ ጊዜ ያሥቃል፤ በሁለተኛው ፈገግ ያሰኛል፤ በአምስተኛው ግን ተመልካቹ ቀልዱን የሚያየው ከጄን ፊት ላይ ዐይኑን የሚያስነሣ ደንቃራ አድርጎ ነው። ከሕመሟ ጋራ ብቻዋን ሆና የምናያት ጥቂት ጊዜ ነው። ጎርም የአማልክት አራጅ ይባል እንጂ፣ በዐይናችን ፊት የሚገድለው አምላክ የመጀመሪያው ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ቶር የአማልክትን ርዳታ ሊለምን ወደ ዜውስ ዘንድ በሄደ ጊዜ፣ ዜውስ ከሚሞቱት አማልክት ይልቅ የሚያሳስበው ፈንጠዝያው ሆኖ ይገኛል። ይህ ትዕይንት ያሥቃል፤ ሣቁም ጎር በአማልክት ላይ ያቀረበው ክስ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል። እነሆ በዚሁ ፊልም ውስጥ ቀልድና ቁም ነገር በአንድ ቀንበር የተጠመዱበት ቦታ አለ ማለት ነው። በመጨረሻም ቶር ትግሉን ትቶ በምትሞተው ጄን አጠገብ መቀመጡ ለጎር ክስ መልስ ነው፤ ጎርም ይህን አይቶ ከበቀል ይልቅ የልጁን መመለስ ይመርጣል። ፍጻሜው መልካም ሆኖ ሳለ ልብን በሚገባው መጠን ያልነካው፣ መንገዱ ሁሉ በጩኸት ስለ ተሞላ ነው።

አማርኛችን ሣቅን በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። ቀልድ አለ፤ ፌዝ አለ፤ ቧልትም አለ። ቀልደኛ ከሰውየው ጋራ ይሥቃል፤ ፌዘኛ በሰውየው ላይ ይሥቃል፤ ቧልተኛ ግን ሰውየውን ረስቶ ለሣቁ ብቻ ይሥቃል ብለን ብንለያቸው፣ «ራግናሮክ» ቀልድ፣ ተከታዩ ደግሞ በአመዛኙ ቧልት ነው። በአገራችን ልማድ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ አጠገብ ተቀምጦ ኀዘንተኛውን ያጫውታል። በዚያ ጊዜ የሚነገረው ጨዋታ ኀዘንተኛውን ሲያሥቀው ነውር ነው የሚል የለም። ሳያለቅስ ከደጅ ጀምሮ እየቀለደ የሚገባ ሰው ግን፣ ጨዋታው ያው ቢሆንም ባለጌ ይባላል። ልዩነቱ ያለው ከጨዋታው ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ነው።

ይህ መለኪያ ከቶር ውጭም ይሠራል። ጄምስ ጋን በ2014፣ በ2017ና በ2023 ያዘጋጃቸው ሦስቱ «የጋላክሲው ጠባቂዎች» ፊልሞች በቀልድ ብዛት ከቶር ፊልሞች አያንሱም። ነገር ግን የመጀመሪያው ፊልም የሚከፈተው በሞት አፋፍ ያለች እናት እጇን ስትዘረጋ ልጇ ፈርቶ ሳይዛት ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀልደው ሁሉ ያን እጅ ያልያዘ ልጅ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በፍጻሜው የባልንጀራውን እጅ ሲይዝም እናቱን ያያል። እዚህ ኀዘኑ ቀድሟል፤ ሣቁ ተከትሏል።

በ2024 የወጣው «ዴድፑልና ዎልቨሪን» ደግሞ ነገሩን እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። በ2017 «ሎጋን» በተባለው ፊልም በብዙ እንባ የተቀበረውን ጀግና፣ ዴድፑል መቃብሩን ቈፍሮ በዐፅሙ ጠላቶቹን ይደበድባል። ብዙ አድናቂዎች ቢቈጡ አይፈረድባቸውም። ይሁንና ዴድፑል ከ2016 ጀምሮ ለተመልካቹ በቀጥታ እየተናገረ ቧልተኛነቱን ያስታወቀ ሰው ነው፤ ያልገባውን ቃል አላፈረሰም። ጎርና ጄን ግን ስለ ኀዘን እንድንሰማ የተጠራንባቸው ሰዎች ናቸው፤ ተመልካቹ የተከፋው የተጠራበት ስለ ተነፈገው ነው።

የቶር ተዋናይ ክሪስ ሔምስዎርዝ ራሱ በ2023 በሰጠው ቃለ ምልልስ ፊልሙ ከልክ በላይ ቀልድ እንደ ሆነ ተናግሯል። ከዚህ የምንረዳው፣ የተከታታይ ሥራ ፈተና የት እንዳለ ነው። «ራግናሮክ» ያሣቀው ከበስተኋላው የሚገለባበጥ የሁለት ፊልም ክብደት ስለ ነበረው ነው። ተከታዩ ከበስተኋላው ያገኘው ሣቅን ብቻ ስለ ነበረ፣ የሚገለባብጠው ነገር ዐጣ። ቀልድ የሚቆመው በቁም ነገር ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው ሲነሣ ይወድቃል።

ወጣቶች ስለ ድፍረት፣ ስለ ሕመምና ስለ ሞት ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዛሬ እንዲህ ያለው ፊልም ስለ ሆነ፣ ጕዳዩ የመዝናኛ ብቻ ነው ተብሎ አይታለፍም። መምህራን በቀልድ ላይ ፊታቸውን እንዲያጠቍሩ አንመክርም፤ ተማሪውም በመሣቁ አይፈር። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን፣ የተሣቀበት ነገር አሁንም ያመኛልን ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የሚያመው ከሆነ አዘጋጁ ቀልደኛ ነው፤ ምንም ያልተሰማው እንደ ሆነ ግን ሣቁ ኀዘኑን ሳያጽናና ደብቆታል ማለት ነው።