ስሙ ሳጥኑ ላይ አለ፦ ክላውስ ቶይበርን ከሺሺንዳ ማንበብ

ክላውስ ቶይበር መጋቢት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ሲሞት የቦርድ ጌም ተጫዋቾች ሐዘን ለማያውቀው ሰው ግር የሚል ነበር። ሰውዬው ዘፋኝ አይደለም፣ ተዋናይም አይደለም። ጨዋታውን ከሚወዱት ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቢያገኙት አይለዩትም። ሆኖም በየአገሩ ያሉ ሰዎች የመጀመሪያ ጨዋታቸውን እያስታወሱ፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱ እየተናገሩ አለቀሱለት። አሳታሚዎቹም መታሰቢያ እንዲሆነው የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ እርስ በርስ ደግ እንድንሆን፣ የፈጠራ ፍላጎታችንን ያለ ፍርሃት እንድንከተልና ከምንወዳቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን እንድንጫወት።

ጥሩ ለቅሶ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ደራሲ ሲሞት መጽሐፎቹን አውጥተን እናነባለን፤ እዚህ ጋ ተሳክቶለታል፣ እዚህ ጋ አልተዋጠልኝም እንላለን። የጨዋታ ዲዛይነር ሲሞት ግን «ስንት ደስ የሚል ምሽት ሰጠን» ብለን እናልፋለን። እኔ ኮድ ጽፌ ስለማድር ይሆናል፣ ሕግ ሳይ ማን ጻፈው፣ ምን አስቦ ጻፈው ማለት ይቀናኛል። ዲዛይነር ጥሎት የሚሄደው ደግሞ ሕግ ነው። ስለዚህ ሕጉን እናንብብለት።

ለማታውቁት፦ ቶይበር ጀርመናዊ የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፣ ማታ ምድር ቤት ወርዶ ጨዋታ ይፈጥራል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ላይ ይሞክረዋል። «ካታን» እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣና በዚያው ዓመት የጀርመንን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት አገኘ፤ ለቶይበር አራተኛው ነበር። ቦርዱ ባለ ስድስት ጎን የሆኑ 19 ቁራጭ መሬቶች አሉት፦ 4 ጫካ፣ 4 የግጦሽ መስክ፣ 4 የስንዴ ማሳ፣ 3 የሸክላ ኮረብታ፣ 3 የማዕድን ተራራ፣ 1 በረሃ። ከበረሃው በስተቀር ሁሉም ላይ ቁጥር ይቀመጣል። ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ የወጣለት መሬት ጥግ ላይ መንደር ያለው ሁሉ ምርቱን ይወስዳል። በምርቱ መንገድ፣ መንደር፣ ከተማ ይገነባል። ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ አሸናፊ ነው።

የሰውዬው ችሎታ የሚታየው ጥቃቅኑ ላይ ነው። ጎረቤትህ ዳይስ ሲጥል ምርቱ ላንተም ሊደርስህ ይችላል። ስለዚህ ተራህ እስኪደርስ ስልክህን አትጎረጉርም። ባንኩ አንድ ካርድ ለመስጠት አራት ይቀበልሃል፤ ጎረቤትህ ግን አንድ ለአንድ ሊለውጥህ ይችላል። መንገድ ደግሞ እንጨትም ሸክላም ይፈልጋል። እንጨት የበዛለት ሸክላ ያለውን መለማመጥ አለበት ማለት ነው። ቶይበር «ተነጋገሩ» የሚል ሕግ አልጻፈም። ዝም ብሎ መቀመጥን ውድ አደረገው፣ በቃ።

ሽፍታውንም እዩት። ሁለት ዳይስ በ36 ዓይነት መንገድ ሊወድቅ ይችላል። 2 እና 12 በአንድ አንድ መንገድ ብቻ ሲመጡ፣ 7 በስድስት ይመጣል። ከሁሉም በላይ የሚወጣውን ይህን ቁጥር ቶይበር ለማንም መሬት አልሰጠውም። 7 ሲወጣ ሽፍታው ይንቀሳቀሳል፣ ያረፈበት መሬትም ምርት ያቆማል፤ ከ7 ካርድ በላይ ያከማቸ ሁሉ ግማሹን ይጥላል። ማከማቸትን የሚቀጣ፣ መሪውን የሚያዘገይ፣ የተበደለን የሚያስቆጣ ሕግ በአንድ ቁጥር ተጻፈ። ብዙ መስመር ኮድ ጽፎ እንዲህ ያለ ሚዛን ያጣ ሰው ይህን ሲያይ ይቀናል።

አሁን ወደ ደሴቱ እንምጣ። ጨዋታው ሲወጣ ስሙ «የካታን ሰፋሪዎች» ነበር፤ «ካታን» ብቻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሺሺንዳ፣ በካርቶን የተሠራ ቦርድ ዘርግቼ ደንቡን በአማርኛ ሳስረዳ የድሮውን ስም ተረጎምኩት። አንዱ ጓደኛዬ «ደሴቱ ላይ ድሮ ማን ነበር?» አለ። ማንም፣ ባዶ ነው አልኩት። «ባዶ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ደስ ያለው ሳቅ ግን አልነበረም።

ካፋ ውስጥ «ሰፋሪ» የጌም ቃል አይደለም። በ1977 እና 78 ዓ.ም. መንግሥት ከረሃቡ አካባቢዎች ወደ 600,000 ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲያሰፍር፣ የያኔው ካፋ ክፍለ ሀገር አንዱ መዳረሻ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽም ሌላ ዙር ሰፈራ መጣ። የመጡት ሰዎች የተራቡ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ወደው አልመጡም። እነሱን መውቀስ አይቻልም። ጥያቄው ያለው «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ጫካ ከሩቅ ሲታይ ባዶ ይመስላል። ቀርቦ ላየው ግን ባለቤት አለው። በካፋና በሸካ «ኮቦ» የሚባል ልማድ አለ፤ አንድ ቤተሰብ ከጫካው በተለየ ክፍል ቀፎ የመስቀል መብት ይኖረዋል፣ መብቱም ለልጅ ይተላለፋል። ዛፉ ሳይቆረጥ ማር ይገኛል፣ ሥሩ ቡና ይለቀማል፣ ኮረሪማ ይለቀማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ ጫካው ይህን ሁሉ ሲሰጥ ኖሯል።

የካታን ጫካ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንጨት። እሱም አያልቅም። የፈለግከውን ያህል ብትወስድ፣ ዙሪያውን በመንደር ብታጥረው፣ ቁጥሩ በወጣ ቁጥር እንጨት አለ።

ለቶይበር ሚዛናዊ እንሁን። መነሻው ቫይኪንጎች አይስላንድን የሰፈሩበት ታሪክ እንደነበር ተናግሯል፤ አይስላንድ ደግሞ ያኔ ሰው አልነበረባትም ማለት ይቻላል። ታሪኩን ከቦታው ካየነው አልዋሸም። ግን ጨዋታው ከ40 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተዘዋውሯል። ሕግ ከተጻፈበት ቦታ ሲወጣ የሚያገኛቸውን ሰዎች ጸሐፊው አይመርጥም። የአይስላንዱ ባዶ ደሴት ካፋ ሲደርስ ሌላ ነገር ያስታውሳል።

ሺሺንዳ ላይ አንድ ሕግ ጨመርንበት። ካታን ውስጥ መንደር ከመንደር መራራቅ ስላለበት አንድ ቁራጭ መሬት ዙሪያ ቢበዛ ሦስት መንደር ነው የሚገባው። እኛ ሦስተኛው መንደር ጫካ ዳር የተሠራ እንደሆነ ጫካው ገላጣ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ምርት የለም አልን። ጨዋታው ረዘመ። እንጨት ሲወደድ መንገድ ተወደደ፣ መሀል ላይ ሁሉም ነገር ተጓተተ። የቶይበር ሚዛን ምን ያህል የተለካ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል፤ አንድ ብሎን ስትነኩ ሌላው ይላላል። ግን ዋናው ሕግ ውስጥ የሌለ ወሬ ጠረጴዛው ላይ ተጀመረ። «እዚያ ጋ አትሥራ፣ ስንዴ በየዙሩ እሰጥሃለሁ» የሚል ውል መጣ። ጫካ ዳር ያሉ ሁለት ተቀናቃኞች ሦስተኛውን ለመከላከል ተባበሩ። የንግግሩን ቦታ የከፈተው ቶይበር ነው፤ የምንነጋገርበትን ጉዳይ ብቻ ነው እኛ የጨመርነው።

እሱም ወደዚያው እያዘገመ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከልጁ ከቤንያሚን ጋር የሠራው «ካታን፦ አዳዲስ ኃይሎች» እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከሞተ በኋላ ወጣ። እዚያ ደሴቱ ይበከላል። ብክለቱ ከልክ ካለፈ ጨዋታው ቀድሞ ያልቃል፣ ያኔ የሚያሸንፈውም ብዙ የታዳሽ ኃይል ጣቢያ ያለው ተጫዋች ነው። ከ1995ቱ ደሴት ጋር የሚከራከር ቶይበር ማለት ነው። መሬቱ ላይ ቀድሞ ማን ነበር የሚለው የጓደኛዬ ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ማለት የቻልነው ስሙን ስለምናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኑረንበርግ ላይ በተደረገ የመጫወቻ ትርኢት የተገናኙ የጀርመን ጨዋታ ደራሲዎች አንድ የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ላይ ፈረሙ፦ ስሙ ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈ ማንም ጨዋታውን ለአሳታሚ አይስጥ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ለቶይበር የተለቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። የገበጣን ፈጣሪ ማን አለቀሰለት? ጉድጓዱን ቆጥሮ፣ ጠጠሩን ቆጥሮ ያን የመሰለ ሒሳብ የፈጠረ ሰው ነበር፤ ስሙ ግን አልደረሰንም።

ስም የሚጠቅመው ለምስጋና ብቻ አይደለም። ስም ያለበትን ሕግ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግከው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከጠረጴዛው ውጪ የምንኖርባቸው ብዙዎቹ ሕጎች ግን እንደዚህ አይደሉም። ካርታ ላይ «ባዶ» ብሎ የጻፈው እጅ የማን እንደነበር የሺሺንዳ ልጅ አያውቅም፤ ሊያመሰግነውም ሊሟገተውም አይችልም።

የእኛ ካርቶን ሳጥን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ «ክላውስ ቶይበር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ የሦስተኛውን መንደር ሕግ ያወጡት ልጆች ስም አለ። ሕጉ ያልተመቸው ለማን አቤት እንደሚል ያውቃል።